ሁለት ጣት ያህል

ጠረጴዛዋን ያጎበጥኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠየቅ፤
ከተገለበጠ አይሱዙ ጎን ላሜራ ቆርጬ፣ ብዙም ሳልጠነቀቅ፣
አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከብየዳ ቤቴ ደጅ፣
ልጆቹ በስልክ ያሳዩኝን ሥዕል በስንዝር ለክቼ፣ በእጅ።

«እንደ ድልድይ ትሁን፣ ጋሼ፤ መሐሏ ከፍ፣ ጫፏ ዝቅ ያለ»
አሉኝ። ኳስ እንጂ ሰው የማይሻገረው ድልድይ የት አለ?
እኔም አጎበጥኋት። መረቡን በብረት ፍርግርግ ሠራሁ፤
ከቀበሌው በር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁ።

ሳይቀዘቅዝ አንስተነው ይሁን፣ ወይ የኔው ችኮላ፣
በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዘመመች ወደ ኋላ።
አይቻለሁ። ዝም አልሁ። ልጅ ኳስ ይዞ ቆሞ ማን መልሶ ያቃናል?
ደግሞስ፣ አልሁ በሆዴ፣ ሁለት ጣት ሊለካ አዘዞ ድረስ ማን ይመጣል?

አዛናውና ባንቺአምላክ ሦስት ክረምት ከረሙባት፤
ሦስት ንክኪ፤ እጅ ክልክል፤ ጓደኛ ሳይነካት ኳሷ ማለፍ የለባት።
ባጃጁን አቁሞ እሱ፣ ከቢራ ፋብሪካ ጠርሙስ ስትለይ ውላ እሷ፣
እስኪጨልም፤ ሲጨልምም በብየዳዬ ብልጭታ ትታይ ነበር ኳሷ።
የኔን ስህተት እግራቸው አጠናው፤ እንደ ዳዊት ደገመው፤
ኳስ በግራ ስትነጥር፣ ዓይናቸው ሳያይ ቁርጭምጭሚታቸው ቀደመው።

መጋቢት ላይ ከስታዲየሙ አጠገብ ትልቅ ድንኳን ተተከለ፤
ባንዲራው በገመድ እንደ ልብስ፣ ስሙን የማላውቀው አገር ሁሉ አለ።
ከሀንጋሪ፣ ከታይላንድ፣ ከካሜሩን ጥንድ ጥንድ ሆነው መጡ፤
የፒያሳን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

አዲሱን ጠረጴዛ ዞርሁት። በጣቴ ዳሰስሁት፤ ለካሁት።
ግራው እንደ ቀኙ። እንዲህ ያለ እኩልነት በሕልሜም አላየሁት።
ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ።

በመጀመሪያው ቀን ካሜሩኖቹን አሸነፉ፤ ድንኳኑ ተናጠ፤
የአዘዞ ባጃጅ ሁሉ ክላክሱን ይዞ ቀለጠ።
በማግስቱ ሁለቱ ሀንጋሪዎች፣ ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ፤
አንዱን ዙር እነሱ፣ አንዱን እኛ፤ በሦስተኛው ቆምን ከአፋፍ።
ዐሥር ለዐሥራ አንድ እየተመራን፣ ኳሷ በግራ ልትወርድ ስትል፣
አዛናው ከመንጠሯ በፊት፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ሲል፣
አየሁት። እግሩ የኔን ጠረጴዛ ፈለጋት፤ የኔኑ ጠማማ፤
ኳሷ ግን ሐቀኛ ሆና ቀጥ አለች፤ አለፈችው፤ ጭብጨባም አልተሰማ።

አንዱ «ዕድል ነው» አለ። «ድካም ነው እንጂ» አለ ሌላው።
ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔ ነበርሁ ጥፋቱን የማውቀው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። መዶሻዬን አወጣሁ፣ ከሰል አያያዝሁ።
ሊነጋጋ ሲል የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ።
ባንቺአምላክ ናት፤ ጉልበቷ በፋሻ ታስሮ፤
ከኋላዋ ሀንጋሪዎቹ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፈው እንደ ታሰረ ዶሮ።
«አሠልጣኛችሁን አሳዩን ቢሉኝ ነው» አለች።
ጣቷን ወደ ጠረጴዛዋ ቀሰረች።

ገጠሙ። የመጀመሪያዋ ኳስ በግራ ሄዳ ሸሸች፤
ሁለተኛዋ ከቤት ገብታ የጋዙን ሲሊንደር ሳመች።
አምስት ለባዶ። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረባት፤
ሳቀ፤ እንደ በሬ ገዢ ጎኗን መታ መታ አደረጋት።

ያን ጊዜ ተናገርሁ። «ሁለት ጣት» አልሁ፤ «እያወቅሁ ነው የተውኋት።»
አዛናው ኳሷን በጉልበቱ እያነጠረ፣ ቀና ሳይል ከመሬት፦
«ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ እናውቃለን።»
«ታዲያ?»
«ታዲያማ፣ እርስዎን እንዳናስከፋ ብለን።»

መዶሻውን አነሳሁ። ባንቺአምላክ ዝም ብላ አየችኝ። አስቀመጥሁ።
ለሦስት ሰዓት የተቀጠረ የሚኒባስ በር ነበረብኝ፤ እሱን ጀመርሁ።
ከኋላዬ ኳሷ፤ ጡፍ፣ ጡፍ፤
ከዚያ በግራ በኩል፣ ሌላ ድምፅ።